የኋለኛው ደወል

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። እኔ ህልም የሚያይ ሰው አይደለሁም። ትራስ ከነካሁ ሞቻለሁ በሉት፤ ጎረቤት ቢቃጠል አልሰማም። መጠጥም አልቀምስም።

ስለዚህ «አልመህ ይሆናል» የምትለዋን ነገር ከወዲሁ ተዉልኝ። ሆኗል። በኔው ላይ ነው የሆነው።

ሰዓቱ ከንጋቱ አስራ አንድ ተኩል። ቦታው ከሰፈራችን ወደ ሳሙና ፋብሪካው የሚወስደው ረጅም መንገድ...

መብራት የለው፣ ቤት የለው። አንድ ድልድይ፣ ከዚያ ሜዳ፣ ከዚያ የፋብሪካው በር። በቃ።

ይህን መንገድ በብስክሌት የምንመላለሰው እኔና ቀጮ ነበርን።

ቀጮ ስላልኩት ቀጭን እንዳይመስላችሁ። ትከሻው በር ያህላል። ስሙን ያወጣለት የሰፈር ሰው ነው፤ ለማሾፍ። እሱም ወዶት ቀረ። እኔ ሳሙና መቁረጫ ማሽን ላይ ነኝ፣ እሱ ካርቶን ጫኝ ነበር። አንድ ግቢ አደግን፣ አንድ ቦታ ተቀጠርን። ወንድም የለኝም፤ ግን እሱ እያለ ወንድም የለኝም ብዬ አላውቅም።

የሱሪያችንን እግር ካልሲ ውስጥ ወትፈን፣ ምሳችንን ከኋላ አስረን፣ ገና ዓይናችን ሳይገለጥ መንገድ ላይ ነን።

ያ ሜዳ ላይ ጠዋት የሚነፍሰው ንፋስ ፊት ይልጣል። ስለዚህ ጎን ለጎን አንሄድም። አንዱ ፊት ሆኖ ንፋሱን ይቆርጣል፣ ሌላው ከጀርባው ተጠልሎ ይነዳል። ዛሬ እኔ ፊት ከሆንኩ ነገ እሱ ነው። እሱ ፊት የሆነ ቀን ከግድግዳ ኋላ እንደ መንዳት ነው፤ ንፋስ የሚባል ነገር አይነካኝም። እኔ ፊት የሆንኩ ቀን ግን መነጫነጭ ነው።

«አንተ እኮ ክር ነህ» ይለኛል። «ከክር ኋላ ምን መጠለያ አለ?»

ፊት ያለው ሰው ዞር አይልም። በጨለማ ዞር ያለ ሰው መሪው አብሮት ይዞርና ራሱን ቦይ ውስጥ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ የምንነጋገረው በደወል ነው። ፊት ያለው አንዴ ያቃጭላል፤ «አለህ?» ማለት ነው። ኋላ ያለው አንዴ ይመልሳል፤ «አለሁ» ማለት ነው።

ሁለቴ ተጠርቶ ዝም ካለ፣ የጠራው ሰው ወደ ሌላው ይሄዳል። ይህ ሕጋችን ነበር።

የኔ ደወል ጥርት ያለ ድምፅ አለው። የሱ ግን አንዴ ወድቆ ክዳኑ ስለተሰረጎደ ድምፁ ሻካራ ነው። «ደወልህን ጉንፋን ይዞታል፣ ሻይ አጠጣው» እያልኩ አበሽቀው ነበር። ያንን ድምፅ ከስንት ደወል መሃል አውቀዋለሁ።

ይህን ያዙልኝ።

*

የዚያን ቀን ፊት እኔ ነበርኩ።

ጉም ነበር። ድልድዩን እንዳለፍኩ ከኋላ የከባድ መኪና ድምፅ መጣ። አሸዋ የሚያመላልሱት ናቸው፤ ለምደናቸዋል።

ከዚያ ጎማ ሲንሸራተት ሰማሁ። ረጅም ነበር...

ደወሌን መታሁ።

አለህ?

ትንሽ ዝም...

ከዚያ ያ ጉንፋናም ድምፅ መጣ። ቅጭል።

አለሁ።

ነፍሴ ተመለሰች። ፔዳሌን ረገጥኩ። ሜዳው መሃል ደግሜ ጠየቅኩት፤ መለሰልኝ። ወደ ፋብሪካው መታጠፊያው ላይ ጠየቅኩት፤ መለሰልኝ። በሩ ጋ ደርሼ ፍሬን ያዝኩና እየሳቅኩ ዞርኩ። ስለዚያ ሹፌር የምለው ነገር ነበረኝ።

ማንም የለም።

በር ጠባቂው ሽማግሌ ባትሪያቸውን ወደ መንገዱ አበሩ።

«ጋሼ፣ ቀጮን አላዩትም?»

«ብቻህን ነው የመጣኸው፣ ልጄ።»

«አሁን ከኋላዬ ነበር እኮ።»

«ብቻህን ነው የመጣኸው» አሉኝ ደግመው። ድምፃቸው ቀነሰ።

ቀጮ ድልድዩ ላይ ነበር። ሹፌሩ ወርዶ ራሱን ይዞ አስፋልት ላይ ተቀምጧል። ያኔውኑ ነው ያለፈው አሉ። ምንም አልተሰቃየም አሉ።

ታዲያ እስከ በሩ ድረስ ማን ነበር የሚመልስልኝ?

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለእናቱም አልነገርኳት። ምን ብዬ? ልጅሽ ከሞተ በኋላ እስከ ስራ ሸኘኝ ልበላት?

*

ስራ ተመለስኩ። ምን ይደረጋል፣ ሰው የቀበረ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ብቻዬን ነዳሁ። ንፋሱ ፊቴን ገረፈኝ። ድልድዩ ጋ ስደርስ እንባዬ መጣ፤ ንፋሱ ነው ብዬ ራሴን ዋሸሁ። አውራ ጣቴ እንደ ልማዱ ወደ ደወሉ ሄደ። እኔ አላዘዝኩትም።

ቅጭል።

ከኋላዬ... ቅርብ...

ቅጭል።

ጉንፋን የያዘው።

ፀጉሬ ቆመ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፍርሃቱ ይልቅ ደስታው ባሰብኝ። ናፍቆኝ ነበር። በጣም ነበር የናፈቀኝ። ዞር አላልኩም፤ ዞር ካልኩ የማጣው መሰለኝ።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ጠየቅኩት፣ በየጠዋቱም መለሰልኝ። ወሬ ሁሉ ጀመርኩ። «በቦታህ የገባው ልጅ እንዳንተ አይደለም፤ ሁለት ካርቶን ያነሳና ወገቤን ይላል» እለዋለሁ ወደ ፊት እያየሁ። ሰው ቢሰማኝ አበደ ይለኝ ነበር። ይበለኝ።

አንዳንድ ነገር ግን ልክ አልነበረም።

ደወሉ ይሰማል፤ የጎማ ድምፅ ግን የለም። ካቴና አይንኳኳም።

ዝናብ ጥሎ ያደረ ቀን ኩሬ ጥሼ አልፋለሁ። ከኋላዬ ውሃው አይረጭም።

መልሱ ደግሞ እየዘገየ መጣ። በፊት ወዲያው ነበር። አሁን አቃጭላለሁ... እጠብቃለሁ... እጠብቃለሁ... ከዚያ በስንት መከራ፣ ቅጭል።

ሽቅብ እየገፋ እንደሚመጣ ሰው። በጣም እንደደከመው ሰው።

*

አንድ ቀን ከስራ መልስ እናቱ አስጠራችኝ። ገና ፀሐይ ነበረች።

የቀጮ እናት ልብስ ሰፊ ናት። እኔም እንደ ልጇ እማዬ ነው የምላት። የስፌት ማሽኗ ላይ የሰው ልብስ ተቆልሏል፤ ልጇ ከሞተ ወዲህ አንዱንም አልነካችውም። ቁጭ በል እንኳ አላለችኝም። እጄን ይዛ ወደሱ ክፍል ወሰደችኝ።

መስኮቱ ላይ ደወሉ ተቀምጧል። የተጨማደደው ብስክሌት ለቁርጥራጭ ብረት ሲሄድ እሷ ደወሉን አስፈትታ አስቀርታዋለች።

«ልጠይቅህ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «አትዋሸኝ።»

«እሺ እማዬ።»

«ጠዋት ጠዋት ትጠራዋለህ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ይሄ ደወል ሊነጋጋ ሲል ብቻውን ያቃጭላል» አለች። «መጀመሪያ አይጥ ነው ብዬ ነበር። ኋላ ሲገባኝ ደስ አለኝ። ልጄ መጣ ብዬ ተነስቼ እጠብቀው ነበር።»

«አሁንስ?»

አልጋውን አሳየችኝ። ብርድ ልብሱ ተገፎ ወደ ግርጌ ተጥሏል። ትራሱ መሃል ላይ ሰው እንደተኛበት ጎድጉዷል።

«ማታ አነጥፈዋለሁ። ጠዋት እንዲህ ሆኖ ነው የማገኘው። ለስራ እንደተነሳ።» «ሲነሳ እሰማዋለሁ። ያቃስታል። በህይወት እያለ እንኳ እንዲህ ደክሞት አያውቅም።»

«ልጄ አላረፈም» አለች። «አንተ በጠራኸው ቁጥር ያንን መንገድ ይወጣዋል። እንደምትወደው አውቃለሁ። ግን በሞቴ፣ ተወው። ይተኛ።»

አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። እኔ እሱን ይዤ መቆየት ነበር የምፈልገው፤ ሌላ ማን አለኝ? እሷ ግን እናቱ ናት። እሷ እያለች የኔ ናፍቆት ምን ቦታ አለው?

ከማሽኗ መሳቢያ ካቻቢቴ ይዤ ወጣሁና የራሴን ደወል ከመሪዬ ላይ ፈታሁት። አምጥቼ መስኮቱ ላይ ከሱ ደወል አጠገብ አስቀመጥኩት።

«ከእንግዲህ ብፈልግም በምን እጠራዋለሁ?» አልኳት።

ግንባሬን ሳመችኝ።

*

በማግስቱ። ያው ሰዓት፣ ያው መንገድ።

ድልድዩ ላይ አውራ ጣቴ ሄደ። ባዶውን መሪ ነካ። ቀዝቃዛ ነበር።

«ደህና ሁን፣ ቀጮ» አልኩ።

ፀጥ...

ሜዳው ውስጥ ገባሁ። ንፋሱ ይገርፈኛል። አበቃ አልኩ። ሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩት ያህል ነበር የከፋኝ።

ቅጭል።

ከኋላ... ከሩቅ...

ኋላ ያለ ሰው ቀድሞ ጠርቶ አያውቅም። ኋላ ያለ ሰው ይመልሳል እንጂ አይጠይቅም።

እሱ ግን ጠየቀኝ። አለህ?

የምመልስበት ደወል የለኝም። በአፌ እንዳልመልስ ደግሞ እማዬ ይተኛ ብላኛለች። ዝም አልኩ።

ቅጭል።

አለህ?

ሁለተኛው ነው። እንባዬ አገጬ ላይ ይንጠባጠባል። ተኛ ወንድሜ፣ በቃ ተኛ እላለሁ በልቤ። አልመለስኩለትም።

ከዚያ ሕጋችን ትዝ አለኝ።

ሁለቴ ተጠርቶ ዝም ካለ፣ የጠራው ሰው ወደ ሌላው ይሄዳል።

ከዚያ ሁሉ ጠዋት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጎማ ድምፅ ሰማሁ።

ከሩቅ ጀመረ... ቀረበ... ካቴናው ይንኳኳል። ከባድ ትንፋሽ አለ። በእያንዳንዱ እርግጫ ያቃስታል፤ እማዬ እንዳለችው። ልቆም ፈለግኩ፣ እግሬ ግን ፔዳሉን አልተወም። ዓይኔን መንገዱ ላይ ተከልኩ።

ትንፋሹ ጆሮዬ ጋ ደረሰ። የፋብሪካችን ሳሙና ሸተተኝ።

ለአፍታ ጎን ለጎን ሆንን። እኛ ደግሞ ጎን ለጎን ሄደን አናውቅም።

አለፈኝ።

ምንም አላየሁም። መንገዱ ባዶ ነበር።

ግን ንፋሱ ቆመ።

ግራና ቀኝ የሜዳው ሳር በንፋሱ እየተኛ ይነሳል። እኔ ላይ ምንም የለም፤ ሸሚዜ እንኳ አይንቀሳቀስም። ከግድግዳ ኋላ እንደ መንዳት ነበር።

ያኔ ገባኝ። እሱ የሞተ ቀን ፊት እኔ ነበርኩ። ቀጥሎ ያለው ተራ የሱ ነበር።

እስከ በሩ ድረስ ንፋስ ሳይነካኝ ደረስኩ። በር ጠባቂው በሩን ከፍተው ትንሽ ቆዩ፤ ከኔ በፊት ሰው እንደሚያሳልፉ። ከዚያ እኔን አስገቡኝ። ፊቴን አላዩኝም። ምን እንዳዩ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

*

ከስራ እንደወጣሁ በቀጥታ እማዬ ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ልነግራት ነበር።

በሩ ላይ ተቀበለችኝ። ፊቷ በርቷል። የስፌት ማሽኗ ክር ገብቶለታል፣ አንድ ቀሚስ ተጀምሯል።

«አላቃጨለም» አለችኝ። «አልጋውም አልተነካ። ና እይ። ልጄ አረፈ።»

ገባሁ። ብርድ ልብሱ እንዳነጠፈችው ነው። ትራሱም ሙሉ ነው።

ዓይኔ ወደ መስኮቱ ሄደ።

አንድ ደወል ብቻ ነው ያለው። የኔ።

ከጎኑ የሱ ደወል የነበረበት ቦታ ክብ ሆኖ ይታያል፤ ዙሪያው አቧራ ነው። እማዬ አላየችውም። የአልጋውን ጠርዝ እየዳበሰች «አረፈልኝ፣ አረፈልኝ» ትላለች።

«አዎ እማዬ» አልኳት። «አርፏል።»

ምን ልበላት? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?

ስሜያት ወጣሁ። ብስክሌቴ አጥሩ ላይ እንዳስደገፍኩት ነው። መሪው ላይ፣ የራሴን ደወል በፈታሁበት ቦታ፣ የተሰረጎደው ደወል ታስሯል። ብሎኑ ጥብቅ ብሏል።

አልጮህኩም። የማልፈው በቀጮ ክፍል መስኮት ስር ነው፤ እሷም መስኮቱ ጋ ቆማ እየሸኘችኝ ነው። ድምፁን እንዳትሰማ መዳፌን ደወሉ ላይ ከደንኩና ብስክሌቱን በእግሬ እየሄድኩ ገፋሁት። ፈገግ አለችልኝ። እኔም ፈገግ አልኩ።

በመዳፌ ስር ብረቱ አንዴ ተንቀጠቀጠ።

እያየችኝ ነበር። አልመለስኩለትም።

ትንሽ ቆየና... ደገመው።

ቀና አልኩ። እማዬ እጇን እያወዛወዘችልኝ ነው። ከኋላዋ፣ ክፍሉ ውስጥ፣ ብርድ ልብሱ ቀስ ብሎ ወደ ግርጌ ተገፈፈ።