ሙጫ ኮ

ጋሽ ሙሐዲንን ከደረጃው ግርጌ ወድቀው ያገኘቻቸው ሩሐማ ናት። ከፎቶ ኮፒ ቤት ረቂቅ ታቅፋ ስትመለስ ነፍሳቸው ገና አልወጣችም ነበር። ተንበርክካ ጭንቅላታቸውን ደገፈች። እሳቸውም ዓይናቸውን ሳይገልጡ ሁለት ቃል ተናገሩና ዝም አሉ። ጎረቤት ጠርታ እስክትመለስ አርፈዋል።

ጋሽ ሙሐዲን ወደ ጅሬን በሚያወጣው መንገድ ዳር ካለችው ባለ አንድ ፎቅ ቤታቸው ለልጆች መጽሐፍ ያሳትሙ ነበር። አሳታሚ ድርጅት መባሉ ያኩራራል እንጂ ጠቅላላው አራት ሰው ነው። እሳቸው ይጽፋሉ፣ ልጃቸው ማሂራ ሥዕሉን ትስላለች፣ ፋሂም ምድር ቤት ይጠርዛል፣ መሳይ ደግሞ መጽሐፉን ተሸክሞ ከሰርቦ እስከ ደዶ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት ይዞራል። ሩሐማ ከደብረ ብርሃን መጥታ ጅማ የምትማር፣ ለተግባር ልምምድ የተላከች አራሚ ናት። እናም ሥራውን ከልቧ ይዛዋለች፤ ግስ የጎደለው ዓረፍተ ነገር ካየች እንቅልፍ አይወስዳትም። ጋሽ ሙሐዲን በዚህ ይስቁባት ነበር። «የልጅ አፍ አይታረምም፤ እንዳለ ተዪው» ይሏታል። እሷም «እሺ» ትልና ታርማለች።

ለፖሊስ ቃሏን ስትሰጥ እያለቀሰች «‹ሙጫው ነው› አሉ» አለች።

ያ ቃል ፋሂምን አሳሰረው። የዚያን ዕለት ጠዋት ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷላ! ጋሽ ሙሐዲን፣ ሕፃን መጽሐፉን አፉ ውስጥ ይከታል ብለው፣ ከዱቄት በተቀቀለ ሙጫ ካልሆነ አያስጠርዙም። ፋሂም ደግሞ የዱቄት ሙጫ አይጥ ይጠራል ባይ ነው። «አንድ ቀን በዚህ ሙጫ እንፋጃለን» ብሎ ጮኾ ነበር። የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ሩሐማ ሚስቱን ለቅሶው ላይ ባየቻት ቁጥር መግቢያ ይጠፋታል።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ ኢንስፔክተር ሸዋረገጥ መጡ። ጅማ ተወልደው ለጡረታ የተቃረቡ፣ ሲጠይቁ የማይቸኩሉ ሴት ናቸው። መጀመሪያ ምድር ቤት ገብተው የሙጫውን ድስት ከፈቱ። ሙጫው እስከ አፉ ሞልቶ ላዩ እንደ ወተት ስልባቦት ይዟል፤ ብሩሹ ደርቋል። ከዚያ መሳይን ጠሩት።

«ሬሳውን አይቼዋለሁ፤ መዳፋቸው ላይ አረንጓዴ ቀለም ነበረ። እዚህ ቤት ቀለም የሚነካ ማነው?»

«ማሂራ ነበረች፤ አሁን ትታዋለች። የአዲሱን የጉሬዛ መጽሐፍ ሥዕል በኮምፒውተር እናሠራው ብዬ አባቷን ያግባባሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ብሩሽ አላነሳችም።»

ማሂራ ዓይኗ አብጦ ከለቅሶ ደራሾቹ ሴቶች መሀል ወጣች።

«ወላሂ አባቴን የሚጠላ ሰው አላውቅም፤ ወላሂ ፋሂምም ሰው አይነካም» አለች። «እኔ ያን ቀን ሰርቦ፣ አክስቴ ዘንድ ነበርኩ።»

በመጨረሻ የሩሐማ ተራ ደረሰ።

«ምን ነበር ያሉሽ?»

«‹ሙጫው ነው።›»

«እንዲያ አሉ? ወይስ አንቺ ነሽ እንዲያ ያልሽው?»

የሩሐማ ፊት ጋለ። «ያሉት… ‹ሙጫ ኮ› ነው። ግን ‹ኮ› ብሎ የሚያልቅ ዓረፍተ ነገር የለም። አቅም አጥሯቸው ነው ብዬ ሞላሁላቸው።»

«ካንቺ ጋር በምን ቋንቋ ነበር የሚያወሩት?»

«በአማርኛ። ኦሮምኛ ስለማልችል እኔ ካለሁ ሁሉም ወደ አማርኛ ይዞርልኛል።»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻቸውን ዘጉ። ከዚያ «ሁሉንም ፎቅ ላይ ሰብስቢልኝ፤ ፋሂምንም አስመጣለሁ» አሉ።

ፋሂም እጁ በካቴና ታስሮ በር አጠገብ ተቀመጠ።

«ከሙጫው ልጀምር» አሉ ኢንስፔክተሯ። «ፋሂም ‹ጠዋት ቀቅዬው ተቆጥቼ ወጣሁ፤ አልተመለስኩም› ብሏል። ድስቱም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ብሩሽ አልገባበትም። ይህ ብቻውን ነፃ አያወጣውም፤ እሺ። ነገር ግን የሟቹ መዳፍ አለ። ቀለሙ የእጃቸው መስመር ውስጥ ገብቷል፤ እርጥብ ሳለ ይዘውታል ማለት ነው። ስለዚህ ያን ቀን እዚህ ቤት አዲስ ሥዕል ገብቶ ተመልሶ ወጥቷል። አላነሳችም የተባለችው ብሩሹን አንስታለች።»

ማሂራ አንገቷን ደፋች።

«ማሂራ፣ ስለ ሰው ሁሉ ወላሂ ብለሽ ማልሽልኝ። ስለ ሰርቦ ግን አልማልሽም። የአባትሽ ልጅ ነሽ፤ በውሸት መማል አልሆነልሽም።» ወደ ሩሐማ ዞሩ። «ሰው ሲጨንቀው አፉን በፈታበት ቋንቋ ነው የሚጣራው። ሙጫ ባንቺ አማርኛ ማጣበቂያ ነው፤ በሳቸው ኦሮምኛ ልጅ ነው። ‹ሙጫ ኮ› ማለት ‹ልጄ› ማለት ነው። ቃላቸው ምንም አልጎደለውም ነበር።»

«ለኔ ያነበቡልኝ ‹ሙጫው ነው› ብለው ነው» አለ ፋሂም ቀስ ብሎ።

ሩሐማ መሬት ብትውጣት በወደደች።

«ሥዕሉን ላሳየው አመጣሁት» አለች ማሂራ። «እዚህ ደረጃው አፍ ላይ ቆሞ አየው፤ ዝም አለ። እምቢ ያለኝ መሰለኝ። ልቀደው ስል እንዳልቀደው ያዘብኝ። እኔም ሳብኩት።» ወደ ደረጃው ግርጌ ጠቆመች። «ወደቀ። አልተንቀሳቀሰም። ሞቷል ብዬ ሸሸሁ። ሩሐማ፣ ስታገኚው ይተነፍስ ነበር እንዴ?»

ሩሐማ ራሷን ነቅንቃ አዎ አለች።

«ታዲያ እኔን መክሰሱ ነው?»

«የሰማችው እሷ ናት» አሉ ኢንስፔክተሯ።

ሩሐማ የሚያጽናና ነገር ጨምራ ልትናገር ቃጣትና ተወችው። በሰማችው ድምፅ፣ ዝቅ አድርጋ፣ መጨረሻውን ሳብ አድርጋ «ሙጫ ኮ…» አለች።

ማሂራ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «ጠዋት ጠዋት ሲቀሰቅሰኝ እንዲህ ነበር የሚለኝ» አለችና ከዚያ በኋላ የተናገረችው በለቅሶ ተዋጠ። መሳይም አለቀሰ። የፋሂም ካቴና ተፈታ፤ ሩሐማን ሳያያት አልፏት ወረደ፤ እሷም አልፈረደችበትም።

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ቃሏን እንደገና ሰጠች። ጸሐፊው ወጣት ፖሊስ ብዕሩን አቆመ።

«‹ሙጫ ኮ› ብቻ? ይሄ እኮ አላለቀም፤ ግስ የለውም።»

«እንዳለ ተወው» አለችው።