ያልደረቀችው ታንኳ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከሐሙሲት በታች በጣና ዳር ባለው የሸራ ጀልባ ማሰልጠኛ፣ የሰልጣኙ የቢላል አስከሬን ሰሌን ላይ ተጋድሟል። ዓሣ አጥማጆች ናቸው ያወጡት። እናቱ ጀሚላ ከይፋግ መጥታ ራስጌው ተቀምጣለች። ኢንስፔክተር እቴነሽ ከደብረ ታቦር ስትደርስ፣ ፖሊሶች የነፍስ አድን ጀልባ ነጂውን ሽማግሌውን የሱፍን እጃቸውን አስረዋቸው አገኘች።

አሰልጣኙ ጥላዬ ሳይጠየቅ ተናገረ። «ደንቡን ጠብቄ፣ ጃኬት አልብሼ ነው ያወጣሁት። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነፋስ ገለበጠው። የሞተሩ ቁልፍ ከሽማግሌው ጋር ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሳይነግሩኝ ሄደዋል። በምን ልድረስለት? ዳር ቆሜ አለቀስኩ እንጂ!»

ዕንባው ከመምጣቱ መሄዱ ፈጠነ። እቴነሽ እንዲህ ያለ ለቅሶ አትወድም። ጎንበስ ብላ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ገለጥ አድርጋ አየች፤ ሸሚዙ በጭቃ ተለውሷል። መልሳ ዘጋችው።

«ጋሽ የሱፍ፣ የት ነበሩ?»

«ጁምዓ ላይ ነበርኩ ልጄ። ዓርብ ዓርብ እኔ ሳልመለስ ሸራ አይነሳም፤ ሦስት ዓመት እንዲሁ ነው የኖርነው።»

«እውነታቸውን ነው» አለች የመጋዘን ሠራተኛዋ ጌጤ። «እኔም እስከዚያው ሐሙሲት ቤቴ ነኝ። ዛሬ ለማንም ጃኬት አልሰጠሁም።»

«የመጋዘኑ ሌላ ቁልፍ ያለው ማነው?»

ጌጤ ጥላዬን አየችና አቀረቀረች።

መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ከደንገል ቄጠማ የታሰረች አንዲት ታንኳ ተደግፋ ቆማለች።

«ማክሰኞ ነው ለመድረቅ የቆመችው» አለ ጥላዬ። «ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካትም።»

እቴነሽ በዚሁ ሐይቅ ዳር ነው ያደገችው። ሦስት ቀን ፀሐይ የመታትን ታንኳ አንድ ሰው በትከሻው ይሸከማታል፤ ይቺ ግን ብትገፋት ንቅንቅ አላለችም። ደንገሉን ስትጫነው ውሃ በእጇ ላይ ወረደ።

ሁሉንም አስከሬኑ ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«ሸሚዙ ጭቃ ነው፤ በላዩ ያለው ጃኬት ግን ንጹሕ» አለች። «ስለዚህ ጃኬቱን ያለበሱት ከሞተ በኋላ ነው። ያ ሰው በምን ደረሰበት? የሞተሩ ቁልፍ ከጋሽ የሱፍ ጋር ጁምዓ ላይ ነበር። ታንኳዋ ግን ዛሬ ውሃ ገብታለች። ጃኬቱም ከተቆለፈ መጋዘን ነው የወጣው። ጌጤ ሐሙሲት ነበረች። እዚህ የነበረውና ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ነው።»

ጥላዬ ሰሌኑ አጠገብ ቁጭ አለ። «ነገ ፈተና ነው፣ አንዴ ልለማመድ ብሎ ለመነኝ። እኔም ያለ ጃኬት ለቀቅኩት። ሲገለበጥ፣ እንዲህ ከተገኘ ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብዬ መጀመሪያ ወደ መጋዘኑ ሮጥኩ። ቁልፉ አልከፍት አለኝ። በታንኳዋ ስደርስ ደንገል ውስጥ ተጠላልፎ ቀርቷል።»

ጀሚላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «ታንኳዋ አጠገብህ ነበረች። ልጄ ሲጣራ ትሰማው ነበር?»



«ስሜን ነበር የሚጠራው» አለ ጥላዬ።

የሱፍ እጃቸው እንደተፈታ ጎንበስ ብለው ጃኬቱን ከቢላል ደረት ላይ አወለቁት።