ያልዘለለው ሞላ

አብዱሰላም በመኪና ሞላ ተመትቶ ሞተ ተባለ። እንዲህ ያለው ከማል ነው። ከማል ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሰግዶ ጋራዡን ሲከፍት ባልደረባውን መሬት ላይ ወድቆ አገኘው፤ ወሬው ከእሱ አፍ ወጥቶ ፀሐይ ሳትጠነክር ከሚሴን አዳረሰ። ባጃጅ ነጂው ለተሳፋሪ ነገረ፣ ተሳፋሪው ለገበያ።

ኢንስፔክተር ነዋል ስትደርስ ጋራዡ በር ላይ ሰው ተኮልኩሏል። መንገድ የለቀቀላት የለም። በክርኗ እየገፋች ገባች።

ሬሳው በጎኑ ተኝቷል። አጠገቡ ከሚሴ ውስጥ ሁሉም የሚያውቃት ነጭ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ቆማለች፤ የቶፊቅ ናት። የግራ ፊት ጎማዋ ተፈትቷል፣ በብረት ማቆሚያ ተደግፋለች። ከሬሳው ራስ አጠገብ አዲስ ቀይ ሞላ ወድቋል። ደም ነክቶታል።

«ሞላ ነፍስ ይበላል ኢንስፔክተር» አለ ከማል። «ተጨምቆ ሳለ ካመለጠ ጥይት በለው። ኮምቦልቻ አንዱን መካኒክ አገጩን ይዞበት ሄዷል። ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ። በቃ፣ ይቀበር።»

«አንተ ሐኪም ነህ?»

«መካኒክ ነኝ።»

«እንግዲያው ስለ መኪናው ስጠይቅህ ትመልሳለህ። ስለ ሬሳው አልጠየቅሁህም።»

ጎንበስ ብላ አየች። ቁስሉ ከቀኝ ጆሮው በስተኋላ ነው። ፊቱ ጭረት የለበትም። ቀና ብላ ጋራዡን ቃኘች። ግድግዳው፣ ወለሉ፣ መፍቻው፣ ሁሉም በቅባት ጠቁሯል። ጥግ ላይ የቆመው የክሪክ ዘንግ ብቻ ተወልውሏል፤ እንደ ሰሃን ያበራል።

አጠገቡ ካርቶን አለ። ውስጡ ሦስት ቀይ ሞላ ተቀምጧል። ነዋል ከነዩኒፎርሟ መኪናዋ ስር ገባች። በሩ ላይ ሳቅ ተሰማ።

«ኢንስፔክተሯ ሥራ ልትቀይር ነው!»

የእጅ ባትሪዋን አበራች። በሦስቱ ጎማዎች በኩል ያሉት ሞላዎች ጥቁርና ረጃጅም ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ቢጫ ምልክት አላቸው። በግራ ፊት በኩል ግን ባዶ ነው። እዚያ ስር፣ ቅባቱ ላይ፣ ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ ሰማያዊ ጨሌ ተጣብቃ አገኘች። አንስታ በመሐረቧ ቋጠረቻት።

ስትወጣ ፈረጅ ፊት ለፊቷ ቆሟል። የሟች ታላቅ ወንድም ነው፤ ከጨፋ፣ ከማሽላው ማሳ ነው የመጣው። ጊሌ የሚሉት ረጅም ጩቤው ወገቡ ላይ ነው፣ እጁም ጊሌው ላይ።

«ቶፊቅ ነው የገደለው» አለ። «ትናንት ሻይ ቤት ሰው ሁሉ እየሰማ እገድልሃለሁ ብሎታል። ወንድሜ ዛሬ ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ ይቀበራል። አፈር ሳይለብስ የገዳዩን ስም ካልነገርሽኝ እኔ አውቃለሁ።»

«ምን ታውቃለህ?»

«የቶፊቅን ቤት።»

«ይህን ስትል ፖሊስ እየሰማህ ነው።»

«ፖሊስ!» ብሎ መሬት ላይ ተፋ። «ወተት ሻጯን ኡሚን ጨፋ መንገድ ላይ ደፍጥጦ ያመለጠውን መኪና መች አገኘሽው? ባሏ ደጅሽን ሲጠና ይኸው ስንት ጊዜው? የእኔ ወንድም ኡሚ አይደለም። እኔም ባሏ አይደለሁም።»

ነዋል ይህን ቃል ዋጠችው። እውነት ስለሆነ ነው የዋጠችው።

ቶፊቅ ራሱ ወደ ጣቢያው መጥቶ ነበር። እጁን ሊሰጥ ሳይሆን ሊሸሸግ። ከጂዳ ከተመለሰ ወዲህ እንዲህ ገርጥቶ ያየው ሰው የለም።

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው።

«በመኪናዬ። ሠርጌ ደርሷል። መሬት የምትልስ መኪና ነው የምፈልገው፣ አራት ጣት ትውረድልኝ አልኩት። እሱ ሁለት ጣት ይበቃል ይላል። አራት ጣት ካወረድካት ከሚሴ መንገድ ላይ ያለው ጉብታ ሁሉ ሆዷን ይቀድደዋል ይላል።»

«ይኼ ያጋድላል?»

«ቆይ እንጂ። ሞላው የሚጠልቅበት አሞርዛተርም ይቀየር አለ። ለረጅም ሞላ በተሠራ አሞርዛተር ላይ አጭር ሞላ ብታስቀምጥ እንደ ጥጃ ትዘልብሃለች፣ ወይ ሞላና አሞርዛተር አብረው ያሉበትን፣ በመጠምዘዝ ከፍ ዝቅ የሚለውን ሙሉ እግር አስመጣ፤ ጨፋ ስትወርድ ታነሣታለህ፣ ሠርግ ላይ ታወርዳታለህ አለኝ። እኔ ቀዩን ሞላ ከዱባይ አስመጥቻለሁ! እሱ ደግሞ ሞላው በጣም አጭር ነው፣ ጎማው ሲንጠለጠል ልቅ ይሆናል፣ በእጅ ይዞራል፣ ጉድጓድ ላይ ቦታውን ይስታል ብሎ ድርቅ አለ። ተናደድኩ። ግጠም ብዬሃለሁ ግጠም፣ መኪናዬን ካበላሸህ እገድልሃለሁ አልኩት። አፍ ነው። ወላሂ፣ አፍ ብቻ ነው።»

«አፍህ ሊያስገድልህ ነው። ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

«አማቶቼ ቤት።»

«ለልጃቸው ባል ሲሉ ይመሰክራሉ እንግዲህ። መኪናዋን ካንተ ሌላ የነዳት አለ?»

«አሚር ብቻ። የአጎቴ ልጅ። ለሠርጉ ዕቃ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ነው የሄድኩት፤ ያች መኪና ሻንጣ እንኳ አትይዝም። ቁልፉን ለእሱ ተውኩለት። ፍየል ገጭቶ መብራቷን ሰብሮ ነበር፤ ሳልጠይቀው አዲስ አስገጥሞ ጠበቀኝ። እንዲህ ያለ ወንድም የት ይገኛል?»

ነዋል ማስታወሻዋን አጠፈች። «ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል» አለችውና ወጣች።

አሚር የብረታ ብረት መደብር አለው። ከመደብሩ ጀርባ ጓሮው ውስጥ ውራጅ ብረት እንደ ጉብታ ተቆልሏል። ሲያያት ከወንበሩ አልተነሣም።

«አካም ጅርቱ ኢንስፔክተር? ዛሬ ደግሞ በብረት መጣሽ?»

«በሞላ ነው የመጣሁት።»

«ሴት ልጅ በሞላ ምን አገባት? ሬሳውን አስቀብሪና እረፊ። ሙቀቱን አታይም?»

«ቶፊቅ ሞላ ሲመርጥ አብረኸው ነበርክ?»

«ነበርኩ። አታውርዳት ብዬዋለሁ፣ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። ይኼ ከሚሴ ነው፣ ዱባይ አይደለም። ጋራዥ አታግባት፣ እንዳለች ተዋት አልኩት። እንቢ ሲለኝ፣ በቃ የኋላውን ብቻ አውርድ፣ ፊቱን አታስነካ አልኩት።»

«የኋላውን ብቻ? ለምን?»

አሚር ከወንበሩ ተነሣ። «ያምራላ» አለ በመጨረሻ።

ነዋል ስትወጣ መንገድ ዳር ባጃጅ አስቆመች። «ለሠርግ የምታጌጥ መኪና የኋላዋን ብቻ ብናወርዳትስ?» አለች ነጂውን።

ነጂው ከት ብሎ ሳቀ። «የተቀመጠች ግመል ልትመስል? ማን ነው ያለሽ ይህን?»

ነዋል ወደ ጣቢያ ተመለሰች። ሁለት ፖሊሶችን ወደ ፍርድ ቤት ልካ የመፈተሻ ፈቃድ አስወጣች። ከቢሮዋ ሣጥንም አንዲት ትንሽ የላስቲክ ከረጢት አወጣች።

አስር ሰላት ሲቃረብ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ከማል፣ አሚር፣ በሁለት ፖሊሶች መሀል ቶፊቅ፣ የሟች ሚስት ዓፊያ። ፈረጅ በሩ ላይ ቆሟል። ጀናዛው፣ የአብዱሰላም አስከሬን፣ መስጊድ ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ስሙን ተናገሪ» አለ ፈረጅ። «እኔ ስብሰባ አልመጣሁም።»

«ስሙን ብቻ ብነግርህ አታምነኝም። ስለዚህ ቆመህ ትሰማለህ። ከማል፣ ና። ከካርቶኑ ቀይ ሞላ አውጣና ከግራ ፊት በተፈታው እግር ላይ ግጠምልኝ።»

ከማል እጅጌውን ሰበሰበ። አሞርዛተሩን አቆመ፣ ቀዩን ሞላ አጠለቀ፣ የላይኛውን ሳህን ደፋበት፣ ዳዶውን አሠረ። የሞላ መጭመቂያ አላነሳም። አላስፈለገውም። ነዋል ሞላውን በሁለት ጣቷ ያዘችና አዞረችው። ቅጭልጭል አለ።

«የታለ ጥይቱ? ይኼ ነው አገጭ ይዞ የሚሄደው?»

«አይጨመቅም» አለ ከማል መሬት መሬት እያየ። «አጭር ነው።»

«ጠዋትም አጭር ነበር።»

«ጋራዡ ይዘጋብኛል ብዬ... ሰው ተገደለበት ከሚባል በአደጋ ሞተ ቢባል ብዬ ነው።»

«ለጋራዥ ስትል ወንድሜን ልትሸጠው!» ፈረጅ ዘሎ ሊገባ ሲል ፖሊሱ ደረቱን ያዘው።

«ቆይ! አልጨረስኩም» አለች ነዋል። «እንግዲህ ቀዩ ሞላ አልዘለለም። ሰው አምጥቶ አጠገቡ አስቀመጠው። ሞላ ይገድላል ሲባል የሰማ፣ የትኛው ሞላ እንደሚገድል ግን የማያውቅ ሰው። መካኒክ ቢሆን እንዲህ አይስትም። ስለዚህ ከማል ዋሸ እንጂ አልገደለም።»

«ቶፊቅም መካኒክ አይደለም!» አለች ዓፊያ። «ባሌን ሻይ ቤት የሰደበው እሱ ነው!»

«ቶፊቅ ግን ይህ ሞላ ልቅ መሆኑን ያውቃል። የተጣሉት በዚሁ ነው። አብዱሰላም በእጅ ይዞራል እያለ ጆሮውን ሲያደነቁረው ዋለ። አንድ ሰው እየማለ የተከራከረበትን ነገር ለማታለያ አያስቀምጥም። ደግሞስ የሚዘልል ሞላ ቢፈልግ ረጅሙ አለለት። አለለት ወይ? ከማል፣ ይህች መኪና ስንት ረጅም ሞላ ነበራት?»

«አራት።»

«ሦስቱ እዚያው ናቸው። የግራ ፊቱስ?»

ከማል ዙሪያውን ፈለገ። አጎንብሶ ፈለገ። «የለም» አለ። «ጠዋትም አላየሁትም።»

«ገዳዩ ለሬሳው ቀዩን ያስቀመጠው ረጅሙን ይዞት መሄድ ስለነበረበት ነው። አሮጌ ሞላ ማን ይሰርቃል? ሞላው ላይ የሚያጋልጠው ነገር የተጠመጠመበት ሰው ነው። አብዱሰላም የመኪናዋን እግር ሲፈታ ያን ነገር አየ። ሰው ሞላ ሊያስቀይር አስቦ ሌላ ጉድ አስወጣ።» ነዋል ወደ አሚር ዞረች። «እና እኔ አሰብኩ። ይህች መኪና ጋራዥ እንዳትገባ ያን ያህል የለመነ ማነው? ከገባችም ፊቷ እንዳይነካ የፈለገ ማነው? የኋላውን ብቻ አውርድ ያለ ማነው?»

ቶፊቅ ቀስ ብሎ ራሱን አዞረ። «አሚር?» አለ። «ፍየል ነው ያልከኝ።»

«ፍየል ነው!» አለ አሚር። «ይህች ሴት አብዳለች። ማስረጃሽ ምላሴ ነው?»

«አይደለም። ያንተ ጓሮ ነው።»

አንዱ ፖሊስ ጆንያ ይዞ ገባና መሬት ላይ ዘረገፈው። ጥቁር ረጅም ሞላ፣ ቢጫ ምልክት ያለበት። «ከውራጁ ክምር ስር ነው» አለ ፖሊሱ። «ብረት ውስጥ ብረት አይታይም ብሎ ነው።»

ነዋል ሞላውን ከመኪናዋ ሌሎች ሞላዎች ጎን አስጠጋችው። ምልክቱ አንድ ነው። የሞላውን ጫፍ የሸፈነውን የጎማ ልባስ በካቻቢቴ ፈልቅቃ ገለበጠችው። ሰማያዊ ጨሌዎች ወለሉ ላይ ፈሰሱ፤ አንዳንዱ በደረቀ ደም ጠቁሯል።

ከኪሷ ላስቲኳን አወጣች። ውስጧ በክር የተሰካ ሰማያዊ ጨሌ አለ፤ ከኡሚ አንገት ላይ የቀረው ቁራጭ።

«ሞላው ላይ የተጠመጠመውን የኡሚን ጨርቅ አቃጥለኸዋል» አለች አሚርን። «ይኼን ግን ጎማው ደበቀብህ። ቶፊቅ አዲስ አበባ፣ ቁልፉ አንተ ጋ፣ ኡሚ መንገድ ላይ። የመታህበትን የክሪክ ዘንግም ወልውለኸዋል። አብዱሰላም ጋራዥ ውስጥ የሚያበራ ዕቃ ኖሮት አያውቅም።»

ዓፊያ ጉንጯን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ከነወተቷ መሀል መንገድ ገባች!» አሚር ጮኸ። «ምን ላድርግ? ጮኸች፣ ነዳሁ። አለቀ። አብዱሰላም ማነው እኔን የሚያዝዘኝ? ደውሎ ጠራኝ። ቶፊቅ ያኔ እንዳልነበረ አውቃለሁ፣ አንተ ነህ አለኝ። ሄደህ ለባሏ ራስህ ተናገር፣ እስከ ነገ አፌን እይዝልሃለሁ አለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሥራውን ቀጠለ! እንደ ልጅ!»

«ጀርባውን የሰጠህ አይገድለኝም ብሎ ነው» አለች ነዋል።

ፈረጅ ጊሌውን መዘዘ። ነዋል መሀል ገባች፤ ስለቱ ከደረቷ ሁለት ጣት ርቆ ቆመ።

«ዞር በይ!»

«አልዞርም። ስሙን ከመቀበሩ በፊት ስጪኝ አልክ፣ ሰጠሁህ። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ነው። የኡሚ ባልም ድርሻ አለበት። አንተ ከገደልከው ለእሱ ምን ልንገረው? ፈረጅ ቀደመህ ልበለው?»

ከመስጊድ አዛን ተሰማ። ፈረጅ ጊሌውን ቀስ ብሎ ወደ አፎቱ መለሰ። አሚርን በካቴና አስረው ሲያወጡት በሩ ላይ የነበረው ሕዝብ ጠዋት ለነዋል ያልለቀቀውን መንገድ ለእሱ ለቀቀ፤ ልብሱ እንዳይነካቸው ነው።

ቶፊቅን ፈቱት። የሚሄድበት አልነበረውም፤ ከሰው ኋላ ኋላ መስጊድ ደረሰ። ከሰላቱ በኋላ ጀናዛው ሲነሳ ራቅ ብሎ ቆመ። አንዱ የቃሬዛው እግር ሰው ጎደለው። ፈረጅ ዞር ብሎ አየው።

«ምን ቆመሃል? ትከሻህን አግባ።»

ቶፊቅ እየሮጠ መጣ። «ፈረጅ፣ ወላሂ እኔ...»

«ተሸከም ነው ያልኩህ» አለ ፈረጅ። «አታውራኝ።»