የገብስማው ዶሮ ላባ

የፊዚክስ መምህር ነኝ፣ ይኼን ቀድሜ የምነግርህ ለጉራ አይደለም፣ ኋላ «ይኼም ጠንቋይ ቤት የሚመላለስ ነው» ብለህ እንዳትደመድምብኝ ነው። ንፋስ መውጫ ላይ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ድምፅ ሞገድ አስተምሬያለሁ፣ ተማሪ ተነስቶ ስለ ቡዳ ሲጠይቀኝ ክፍሉን በሳቅ የማፈርሰው እኔ ነበርኩ፣ እናቴ አንገቴ ላይ ያሰረችልኝን ክታብ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ በጥሼ የጣልኩትም እኔው ነኝ። እመነኝ፣ ያቺ አንዲት የየካቲት ቀን ባትኖር ዛሬም እስቅ ነበር።

ነገሩ የመጣው በዓሣ ነው። ከዓመታት በፊት መንገድ ሊሠሩ ከመጡት ፈረንጆች አንዱ፣ ሸምገል ያለ ሰውዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዝ ሲወርድ አብሬው እየወረድኩ ዓሣ በላባ ማጥመድ አስተማረኝ። በላባ ስልህ ቀልድ እንዳይመስልህ፣ ትል የለ፣ ሊጥ የለ፣ መንጠቆው ላይ የዶሮ የአንገት ላባ በክር ትጠመጥምና ዝንብ ታስመስለዋለህ፣ ከዚያ ረጅሙን ገመድ አንዴ ወደ ኋላ አንዴ ወደ ፊት እያወናጨፍክ ዝንቡን ውሃው ላይ ጣል ታደርገዋለህ፣ ዓሣውም የዋህ ነው፣ ይጎርሳል። ሰውዬው አገሩ ሲገባ የማጥመጃ ዘንጉን ለእኔ ተወልኝ፣ እኔንም ለከፈኝ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ዘንጌን ይዤ ወደ ስማዳ፣ ወደ እህቴ ቤት፣ ከዚያም ወደ በሽሎ ሸለቆ መሮጥ ሆነ ሥራዬ።

ወደ ወንዙ የሚያወርዱኝ የእህቴ ባል፣ ጋሽ ቢያድጌ ነበሩ። ጋሽ ቢያድጌን በምን ልንገርህ፣ እሳቸው ማለት አፍ ናቸው! በዚያ አገር ባልና ሚስት ተጣልቶ፣ ጎረቤት ወሰን ተገፋፍቶ፣ እሳቸው ሳይጠሩ የታረቀ የለም፣ ሲያርሱ እንኳ ጅራፍ አያነሱም፣ «ሃ ዳልቻ! ተው ዳልቻ፣ አታሰድበኝ» ሲሉት በሬያቸው እንደ ሰው ይሰማቸዋል። እኔን «ጠመኔ» ይሉኛል፣ ከእሳቸው ሌላ እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ሰው በምድር ላይ የለም፣ ደጃቸው በደረስኩ ቁጥርም ያችኑ ነው የሚሉኝ፣ «ና ግባ ጠመኔ፣ ምን እንደ ሙሽራ ውጭ ይገትርሃል?»

በዚያ የካቲት የግማሽ ዓመቱ ፈተና እንዳለቀ ወንዝ ዳር ሁለት ቀን ልናድር ድንኳን፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ተሸክመን ወረድን። ቁልቁለቱ ጉልበት ይፈታል፣ ጋሽ ቢያድጌ ግን ወሬያቸውን ለአፍታ ሳያቋርጡ፣ አንዱን የፍቺ ጉዳይ ጨርሰው ሌላውን ሲጀምሩ ታች ደረስን። እዚያ፣ መንገዱ መሐል፣ የታረደ አውራ ዶሮ ተጥሎ አየን። ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረ ገብስማ ነው፣ አውሬ እንኳ አልነካውም።

«ቁም!» አሉና በዱላቸው ደረቴን ያዙኝ። «ጭዳ ነው። የማን ደዌ እንደሆነ ማን ያውቃል፣ እንዳትሻገረው፣ በዚህ ዙር።»

ጭዳ መቼም ታውቃለህ፣ የታመመ ሰው ራስ ላይ ዶሮ ያዞሩና ደዌውን ይዞ ይሂድ ብለው አርደው መንገድ ላይ ይጥሉታል፣ የነካው ወይ የተሻገረው ሰው ደዌውን ይወስዳል ይባላል። እሳቸው እሾህና ድንጋይ እየረገጡ ዞሩ። እኔ ግን ዓይኔ ዶሮው አንገት ላይ ቀረ፣ ምክንያቱም ያ ፈረንጅ ከላባ ሁሉ ዓሣ የሚወደው ገብስማ ነው ይል ነበር፣ እኔ ደግሞ ገበያ ለገበያ ፈልጌ እንዲህ ያለ አጥቻለሁ። ጀርባቸውን ሲያዞሩልኝ ጎንበስ ብዬ አንድ ጭብጥ ነጨሁና ኪሴ ከተትኩት። ዶሮ ዶሮ ነው አልኩ በልቤ። ድንኳን ተክለን እሳቸው እንጨት ሲለቅሙ ቁጭ ብዬ አራት ዝንብ ሠራሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ሠርቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት በአሮጌዎቹ ዝንቦች ብሞክር፣ ብሞክር፣ ወንዙ ዓሣ ያልፈጠረበት መሰለ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጋሽ ቢያድጌ፣ «በቃ ጠመኔ፣ በቀትር ውሃ አይነካም፣ ና ጥላ ያዝ» አሉኝ።

«ጋኔኑም እኮ በስድስት ሰዓት ምሳ ይበላል፣ ጋሽ ቢያድጌ፣ አይመጣብንም» አልኳቸው።

«ይኼ ምላስህ አንድ ቀን ያስቀስፍሃል» ብለው ሳቁና ከኋላዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ያኔ ነው ከገብስማዎቹ አንዱን ያሰርኩት።

ዝንቡ ውሃውን ከመንካቱ ዓሣ ያዘ። የበሽሎ ዓሣ ሲያዝ ክንድ ይነቅላል፣ ይዘላል፣ ይራገጣል፣ ይኼኛው ግን እንደ ታጠበ ነጠላ ዝም ብሎ ተጎትቶ መጣ፣ አፉን እንደከፈተ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ድንጋይ ላይ ደረደርኳቸው፣ አንዱም አልተንፈራገጠም።

ከዚያ ከወንዙ ታችኛው በኩል አውራ ዶሮ ጮኸ።

ልብ በል፣ ከዚያ ሸለቆ ቅርብ የተባለው ቤት የግማሽ ቀን ዳገት ነው። ጋሽ ቢያድጌ ወሬያቸውን አቋረጡ። «ሰማህ?»

«ቆቅ ናት» አልኩ።

«ቆቅ እንዲህ አትልም።»

ደግሞ ጮኸ፣ አሁን ከቅርብ፣ በእግዜር ስም እነግርሃለሁ፣ ከውሃው መሐል። የገደል ማሚቶ ነው ብዬ ለራሴ አስረዳሁ፣ ግን የገደል ማሚቶ እየደከመ ይሄዳል እንጂ እየቀረበ አይመጣም፣ ይኼን እኔው ነኝ የማስተምረው። እና የወንዙን ድምፅ ፈለግኩት፣ የለም። ውሃው ፊቴ ይወርዳል፣ ድንጋይ ላይ ይላተማል፣ ድምፅ ግን የለውም። ሦስተኛው ጩኸት ከጆሮዬ ሥር፣ ጋሽ ቢያድጌ ከተቀመጡበት መጣ፣ ደንግጬ ዞርኩ፣ ዘንጉም አብሮኝ ዞረ፣ ገመዱ አየር ላይ ነበር።

መንጠቆው ታችኛው ከንፈራቸው ላይ ተሰካ። ልክ እንደ ዓሣ!

«ኧረ በማርያም!» እያልኩ ሮጥኩ፣ ልነቅልላቸው እጄን ስዘረጋ እሳቸው ረጋ ብለው በራሳቸው ጣት ነቀሉት። ደም የለም። አንዲት ጠብታ እንኳ! ዝንቡን መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላብጠው አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ጠመኔ፣ ይኼን ላባ ከየት አመጣኸው?»

«ከእህቴ ዶሮ ነው» አልኩ። ዋሸሁ። ያን ሰዓት እውነቱን ብናገር ምን ይለወጥ ነበር? አላውቅም፣ ግን አፌ ዋሸ።

ሌላ ነገር ሊሉኝ አፋቸውን ከፈቱ፣ ምንም አልወጣም። ዝንቡን ወንዙ ውስጥ ወረወሩት፣ ያን ጊዜ የውሃው ድምፅ ተመለሰ፣ እሳቸው ግን አልተመለሱም። ያን ሁሉ ዳገት ስንወጣ አንድ ቃል አልተነፈሱም፣ ተቀይመውኛል ብዬ ስለምናቸው ዋልኩ። ቤት ስንደርስ እህቴ «እንዴት ዋላችሁ?» ብትላቸው ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ የለም፣ ሁለታችንም ያን ጊዜ ገባን።

ወገዳ ከተማ ያለው ሐኪም ጉሮሯቸውን በባትሪ አይቶ ጤና ነው አለ፣ ትልቁ ሆስፒታልም ወሰድኳቸው፣ ጤና ነው አሉ። ጠበልም ገቡ፣ ሁለት ሱባዔ። ሰኔ ሲገባ ለእርሻ ዳልቻን ጠመዱት፣ በሬው የለመደውን ድምፅ ሲጠብቅ ቆሞ ቀረ፣ ጅራፍ ቢያነሱበት ዞሮ አያቸው፣ እሳቸውም ጅራፉን ጥለው ማሳው ዳር ቁጭ አሉ። እህቴ ይኼን ስትነግረኝ አለቀስኩ፣ ምን አባቴ ላድርግ! መሬቱን ጎረቤት በወንፈል አረሰላቸው።

በዚያው ሰሞን ሚኒባስ ውስጥ አንድ ተሳፋሪ ተአምር ብሎ ሲያወራ ሰማሁ። ሸለቆው አፋፍ ላይ ያሉ ወይዘሮ ዝማም የሚባሉ እናት፣ ባላቸውን ከቀበሩ ጀምሮ ሦስት ዓመት ድዳ ሆነው ኖረው፣ በየካቲት ገብስማ ዶሮ ጭዳ አዙረው ወንዝ መውረጃው ላይ ቢጥሉላቸው፣ በሦስተኛው ቀን፣ በጠራራው ቀትር፣ «ውሃ አምጡልኝ» ብለው ተናገሩ። ወንበሩን ጨብጬ ቀረሁ።

በሳምንቱ ሄድኩ። ምን ልል እንደሆነ አላውቅም፣ መልሱልን ይባላል? ድምፅ እንደ ተዋሱት ወንፊት ይመለሳል? አጥሩ ጋ ስደርስ ወይዘሮ ዝማም ከትልቋ ልጃቸው ጋር ምስር ይለቅማሉ፣ ልጅቱ የእናቷን አፍ አፍ እያየች ትስቃለች። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ቀን በፊት ዓይን ለዓይን ተያይተን አናውቅም።

«ና ግባ ጠመኔ» አሉኝ፣ «ምን እንደ ሙሽራ ውጭ ይገትርሃል?»

የአጥሩን እንጨት ያዝኩ። እሳቸውም ደንግጠው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ይቅር በለኝ ልጄ፣ ማን ብዬ ነው የጠራሁህ? አንዳንዴ የማላውቀው ቃል ያመልጠኛል።»

«ሌሊትም ዳልቻ፣ ዳልቻ እያሉ ይጣራሉ» አለች ልጅቱ እየሳቀች፣ «እኛ በሬም የለንም።»

ውሃ ሰጡኝ፣ ጠጣሁ፣ ስለ አዝመራው ተጫወትን፣ ሳልናገር ወጣሁ። የዚያችን ልጅ ሳቅ አይተህ አንተስ ምን ትላለህ?

ስመለስ እህቴ ገብስማ አውራ ዶሮ ገዝታ እግሩን አስራ ጠበቀችኝ። «ወንድም ዓለም፣ አንድ አዋቂ ነግረውኛል፣ ራሱ ላይ አዙረህ ገበያ መንገድ ላይ ትጥለዋለህ፣ ማንም ይውሰደው፣ እኔ ባሌን ብቻ ነው የምፈልገው» አለች። የፊዚክሱ መምህር፣ ያ ሳቂታው፣ ዶሮውን ይዤ ጋሽ ቢያድጌ ራስ ላይ አንዴ አዞርኩ፣ ሁለቴ አዞርኩ። ሦስተኛውን ስጀምር የእጄን አንጓ ያዙኝ። ዶሮውን ተቀበሉኝና እግሩን ፈትተው ግቢው ውስጥ ለቀቁት፣ ከዚያ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ፣ መንጠቆው በተሰካበት፣ ጠባሳ እንኳ በሌለበት ቦታ፣ አድርገው፣ በሌላ ሰው አይድረስ እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። እህቴ ጮኸች፣ ለመነች፣ አልሰሟትም። ላባውን ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም፣ ያውቃሉ ግን።

ከአራቱ ዝንቦች ሦስቱ ክብሪት ቤት ውስጥ አሉኝ፣ ልጥላቸው ብል ማን ይረግጣቸዋል፣ ላቃጥላቸው ብል የሳቸው ድምፅ አብሮ ይነድ ይሆን እላለሁ። አሁን እህቴ ቤት ስሄድ ደጃፉ ላይ እቆማለሁ፣ ከልማድ ነው፣ ያችን ቃል እጠብቃለሁ። ጋሽ ቢያድጌ ከውስጥ ሆነው ያዩኛል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ያ ራሳቸው ላይ ሁለቴ ያዞርኩት ዶሮ አጥሩ ላይ ይወጣል፣ አንገቱን ይሰግጋል፣ አፉን ይከፍታል። ሲጮህ ግን ሰምተነው አናውቅም።