ገመዷ የተፈታ በቅሎ

ሀብትነሽ እንደ ወትሮዋ ማልዳ ተነሣች። ፊቷን ታጥባ፣ ያረመችውን የተማሪዎች ደብተር በነጠላዋ ጠቅልላ ከኪራይ ቤቷ ወጣች። ጊዜው ጥቅምት 1960 ዓ.ም. ነው። ከሞጣ ወደ ቢቸና በመምህርነት ከመጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል። መንገዷ ወደ ወንዙ ወርዶ ወደ ትምህርት ቤቱ ይወጣል።

ወንዙ ዳር አንዲት በቅሎ ወድቃለች። ጀርባዋ በጭነት ተገጥቦ ዝንብ ወሮታል። አንገቷ ላይ ገመድ የለም። በዚያ አገር ነጋዴ የደከመ አጋሰሱን ሲተው ገመዱን ፈትቶ ይወስዳል፤ የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። ሀብትነሽ ይህን አታጣውም። ቢሆንም ደብተሮቹን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ የበቅሎዪቱን አንገት አቀፈች።

«ብቻዎን አይችሏትም፣ መምህርት።»

ዘወር ስትል የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ሣህለ ማርያም ነው። በስም እንጂ በሰላምታ አይተዋወቁም።

«እንግዲያው ያግዙኛ!»

«እኔ በጭራዋ ላንሣ፤ እርስዎ ከፊት ይሳቡ።»

«ጸሐፊ የበቅሎ ጭራ ሲይዝ አይቼ አላውቅም።»

«ዛሬ ይዩዋ!»

በሦስተኛው ሙከራ በቅሎዪቱ ተነሣች። ሀብትነሽ ሳቀች። እሱ ግን በቅሎዪቱን ትኩር ብሎ አይቶ አንገቱን ደፋ።

ሀብትነሽ በቅሎዪቱን ወስዳ ጓሮዋ አሰረቻት። ከዚያ ወዲያ ሣህለ ማርያም ከሥራ ሲወጣ በጓሮዋ በኩል ማለፍ ለመደ። እሷ ቁስሉን በጨው ውሃ ስታጥብ እሱ የበቅሎዪቱን ጆሮ ይይዛል። ብዙ አይነጋገሩም። «እርስዎ» መባባሉ መቼ እንደቀረ ሁለቱም ልብ አላሉም። አንድ ቀን ጨርቁን ሲቀባበሉ እጁ እጇ ላይ ቆየ፤ አንዳቸውም አልሳቡም።

«ያልነገርሁሽ ነገር አለ» አላት። «በቅሎዪቱ የአጎቴ ናት። ገመዷን ሲፈቱ አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልሁ።»

«ለዚህ ነው የምትመጣው?»

«መጀመሪያ ለዚህ ነበር።»

አጎቱ አቶ ወልደ ኪዳን እህል ነጋዴ ናቸው። እናትና አባቱ በአንድ ክረምት ሲሞቱበት ከራሳቸው ልጆች ሳይለዩ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

ከፋሲካ በኋላ የበቅሎዪቱ ጀርባ ጠጉር አበቀለ። አቶ ወልደ ኪዳን መንገድ ላይ አይተው አወቋት። «ጠፍታብኝ ነበር» ብለው ሀብትነሽን በሌብነት ከሰሷት። ሌባ የተባለች መምህርት ከተማሪ ፊት አትቆምም። ገመዱ ሲፈታ ያየ ደግሞ ከሣህለ ማርያም በቀር ማንም አልነበረም።

«ሕጉ ምን ይላል?» ብላ ጠየቀችው።

«በቅሎ ንብረት ናት ይላል፤ እንደ ኮርቻዋ። ጌታዋ ከጣላት ላነሣት ትሆናለች። ካልጣላት ግን የወሰዳት ሌባ ነው።»

«ገመዷ ባይፈታ ኖሮስ? ስትሞት ቆሜ ማየት ነበረብኝ?»

«ሕጉ ጌታዋ ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ሕመሟን አይጠይቅም።»

ሀብትነሽ የበቅሎዪቱን የዳነ ጀርባ ዳበሰች።

«መስክርልኝ አልልህም» አለች። «አባትህ ማለት ናቸው።»

«እንዳትዪኝ» አለ።

በችሎቱ ቀን ብዕሩን ለሌላ ጸሐፊ ሰጥቶ ከምስክሮች ቦታ ቆመ። ማለ።

«ጋሼ ገመዷን በእጃቸው ፈቱ። ‹ከእንግዲህ የጅብ ናት› አሉ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ለበቅሎ ብለህ?» አሉ አቶ ወልደ ኪዳን። «እኔን በበቅሎ ለወጥኸኝ? አሁን የበቅሎ ጠበቃ ሆንህ!»

ችሎቱ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

«አልለወጥሁዎም ጋሼ። የሆነውን አንቱም ያውቁታል።»

ዳኛው ሀብትነሽን በነፃ አሰናበቱ። የተጣለ ንብረት ላነሣው ነውና በቅሎዪቱም የእሷ ናት አሉ። ሀብትነሽ ፍርዱን በግማሽ ጆሮዋ ነበር የሰማችው። ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ሣህለ ማርያም ደረጃውን ሊያወርዳቸው የአጎቱን ክንድ ያዘ። አቶ ወልደ ኪዳን ክንዳቸውን አስለቅቀው ብቻቸውን ወረዱ።

በዓመቱ ጥር ላይ ሞጣ ተጋቡ። ከዚያ በፊት ለዕርቅ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ወደ አቶ ወልደ ኪዳን ደጅ ተልኮ ሦስት ጊዜ ተመልሷል። በሠርጉ ዕለት ሙሽሮቹ ጎንበስ ብለው የሀብትነሽን አባት ጉልበት ሳሙ፤ ቀጥሎ የእናቷን። ሣህለ ማርያም ከተንበረከከበት ቶሎ አልተነሣም። እሷም አብራው ቆየች።

በሙሽራው ወገን የሚሳም ጉልበት አልነበረም።