ገንዳው ውስጥ የፈሰሰው ውሃ

ሲንቄ ሁለተኛውን ጀሪካን ገንዳው ውስጥ ገልብጣ ቴርሞሜትሩን አየች። ሠላሳ ሦስት የነበረው ሠላሳ አምስት ሆኗል።

«እንዴ! ጨመረ እኮ!»

ጓደኛዋ ጉያቱ ባዶውን ጀሪካን ዳሰሰችው። «ይሄማ ይፋጃል! ከጥልቁ ጉድጓድ የተቀዳ ነው እንዴ?»

ሲንቄ አፏን በእጇ ያዘች። የዚያ ጉድጓድ ውሃ ትኩስ ሆኖ እንደሚወጣ ነገሌ ውስጥ የማያውቅ የለም። ከብቶች እንኳ እስኪበርድ ቆመው ይጠብቃሉ። እሷም ታውቃለች። ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የገንዳውን የጥላ ሸራ ነፋስ ገፎት ስታገኘው ደነገጠች። ውሃ የሚያዞረው የአህያ ጋሪ በር ላይ ሲቆም የታያት ውሃ ብቻ ነበር።

አጎቷ ሌንጮ ስለ ዓሣና ሽሪምፕ ስለሚባለው ባለ ብዙ እግር ትንሽ የውሃ እንስሳ እርባታ ቬትናም ተምሮ ሲመለስ ነው ጓሮው ውስጥ ይህን የሲሚንቶ ገንዳ የሠራው። ሰፈሩ ሽሪምፖቹን «የሌንጮ አንበጣ» እያለ ይስቅበታል። እስካሁን አንድም እንቁላል አልተፈለፈለለትም። ትናንት ወደ ሞያሌ ሲሄድ፣ «ውሃው ከሠላሳ አንድ እንዳያልፍ። ከሞቀባቸው እናቶቹ እንቁላላቸውን ይጥላሉ» አላት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄም ካልሆነ እዚህ ምን አደርጋለሁ? ወደ ቬትናም ተመልሼ እሄዳለሁ» አለ።

አሁን ትልቋ እናት ጥግ ላይ ተለጥፋ ሆዷ ሥር ያቀፈችውን እንቁላል በእግሮቿ እየፋቀች ትጥላለች። ብርቱካናማው እንቁላል እየተበተነ ወደ ታች ይወርዳል። ሲንቄ እጇን ውሃው ውስጥ ሰደደች። ምን እንደምትይዝ ግን አላወቀችም፤ መልሳ አወጣችው። ቀዝቃዛ ውሃ የትም የለም። መብራት ከጠፋ ወዲህ የሰፈሩ ፍሪጅ ሁሉ ቁም ሳጥን ሆኗል።

«አጎትሽን ሙቀት ነው በያቸው፣ በቃ» አለች ጉያቱ። «ፀሐይን ማን ይከሳል?»

ስልኩ ጮኸ። ሌንጮ ነው።

«አካም ሲንቄ፣ ናጋ? እናቶቹ እንዴት ናቸው?»

«እየ... እየጣሉ ነው፣ አጎቴ። ሙቀቱ...»

ከሌንጮ ኋላ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«አውቄው ነበር» አለ። «አንቺ ምን ታደርጊ? አገሩ ነው። ለዚህ የሚሆን አገር አይደለም። እኔ ነኝ ሞኙ።»

«አይ፣ አጎቴ፣ እኔ እኮ...»

ኔትወርኩ ሄደ።

«ተገላገልሽ!» አለች ጉያቱ። «ጭራሽ አልተቆጡሽም።»

ሲንቄ ስልኩን እንደያዘች ገንዳውን አየች። ትንሿ እናት እንቁላሏን ገና እንዳቀፈች ናት። እሷም ልትጥለው ትችላለች፤ ሲንቄ ያን የምታስቆምበት መንገድ የላትም። ሌንጮ ደግሞ አገሩ ነው ብሎ ሻንጣውን ያነሳል።

«ነይ፣ ሸራውን ያዢልኝ» አለች።

ሸራውን ገንዳው ላይ መልሰው ዘረጉት፤ በድንጋይም አጠበቁት። ከዚያ ሲንቄ አጥሩ አጠገብ ወዳለው ቋጥኝ ሄደች። ኔትወርክ ደህና የሚይዘው እዚያ ላይ ነው።

«ምን ልትያቸው ነው?» አለች ጉያቱ ከታች።

«ስለ ጀሪካኑ።»

ቁጥሩን ነካች። ስልኩ መጥራት ጀመረ።