ሚጣ ቦርሳ ውስጥ የከረመው ሶሌታ

«ተነሺና እስከ በሩ ድረስ ሂጂ። እኔን አትይኝ፣ ዝም ብለሽ ተራመጂ» አለ የሚጣ አባት መሬት ላይ ተንበርክኮ።

ቀጮ በባዶ እግሯ ከጫማ መሥሪያው ክፍል ጫፍ እስከ ጫፍ ተራመደች። ሚጣ ጥግ ላይ ከተከመሩት የቆዳ ጥቅሎች በአንዱ ላይ ተቀምጣ አባቷን ታያለች። ዓይኑ ከቀጮ ቁርጭምጭሚት አልተነቀለም።

«አየሽ፣ ስትረግጪ እግርሽ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ጉልበትሽም ተከትሎት ይዞራል። ሎሚሽ ዙሪያ የሚያምሽ ለዚህ ሊሆን ይችላል» አለና የራሱን የጉልበት ሎሚ በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«ፊዚዮቴራፒስቷም እንደዚያ ነው ያሉኝ ጋሼ። ደረጃ ስንወርድ እኮ አያቴ ናት የምትቀድመኝ!»

አባቷ ከት ብሎ ሳቀ። ሚጣ አልሳቀችም። እሷ ስትቀልድ «እስቲ ልሥራበት» ነው የሚላት።

ፊዚዮቴራፒስቷ የላኩትን ወረቀት ደጋግሞ አነበበ። የቀጮን እግር ካርቶን ላይ ለካ፤ ጫማዋ ውስጥ ለሚነጠፈው ሶሌታ የሚሆን ቡሽና ስስ ቆዳ መረጠ። «ሶሌታው ብቻውን አያድንሽም፤ ያዘዙልሽንም እንቅስቃሴ እንዳትተዪ» ብሎ አስጠነቀቃት። «ቅዳሜ ይደርስልሻል፤ በሚጣ እልክልሻለሁ።» እሱ ቅዳሜ ካለ ቅዳሜ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ሁለቱ ልጆች የሚማሩት አንድ ክፍል ነው፤ የሚሮጡትም አንድ ርቀት፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀጮ አንደኛ፣ ሚጣ ሁለተኛ። ትምህርት ቤቱን ወክላ ለውድድር የምትሄደው ደግሞ አንዷ ብቻ ናት። የቀጮ ጉልበት መታመም ከጀመረ ወዲህ ሚጣ ልምምድ ላይ ሁለት ጊዜ ቀድማታለች። ሰው ሲጠይቃት «ታሳዝናለች፣ ምስኪን» ትላለች፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

አሁን ደግሞ ያንን ጉልበት የሚጠግነው የገዛ አባቷ ሆነ! ልጁ ስትሮጥ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አይቷት አያውቅም፤ ሥራ አለበት። ለቀጮ ግን ቡሹን ሞርዶ፣ በአውራ ጣቱ ዳስሶ፣ «ገና ነው» ብሎ እንደገና ይሞርዳል። ሚጣን ቅናት አንገበገባት።

ቅዳሜ ሶሌታዎቹን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት። «ሰኞ ስጪያት። አንድ ነገር እንዳትረሺ፤ የመጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ብቻ ታድርገው፣ በማግስቱ ሁለት፣ እንዲያ እያለች ትጨምር። ሳምንት ሳይሞላት እንዳትሮጥበት። እግሯ ሳይለምደው ከሮጠች ይብስባታል።»

«እሺ አባዬ።»

ማጣሪያው የሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ነበር። አባቷ አስልቶ ነው የጨረሰው።

ሰኞ ቀጮ ገና ከበሩ ተቀበለቻት። «ጋሼ ጨረሱልኝ?»

ጥቅሉ ሚጣ ቦርሳ ውስጥ፣ ከሂሳብ ደብተሯ ሥር ነበር። «ገና ነው። ሥራ በዝቶበታል» አለች። ከአፏ ሲወጣ እሷም ደነገጠች። ነገ እሰጣታለሁ ብላ ራሷን አጽናናች። ማክሰኞም «ገና» አለች። ረቡዕ ላይ ውሸቱ ቀለላት።

ሐሙስ እራት ላይ አባቷ «ለመሆኑ ሶሌታው ተመቻት?» ሲል ጠየቃት።

«በጣም! አመስግኚልኝ ብላለች።»

«ጎበዝ ልጅ እኮ ናት» አለ ደስ ብሎት። ሚጣ አርብ እሰጣታለሁ ብላ ያሰበችውንም ተወችው።

የማጣሪያው ዕለት ቀጮ ሜዳው ዳር ጉልበቷን እያሸች መጣች። «በቃ፣ እንደ ምንም እሮጣለሁ። ዛሬ ከዚህ ስወጣ ግን ራሴ ጋሼ ጋ ሄጄ እጠይቃለሁ።»

ሚጣ እየተቻኮለች ቦርሳዋን ከፈተች። «እንኪ… ትናንት ነው የጨረሰው።»

ቀጮ በደስታ ጮኻ አቀፈቻት። ሣሩ ላይ ዘጭ ብላ ሶሌታዎቹን ጫማዋ ውስጥ አስገባች። «ልክክ አለ እኮ! ዛሬ አትደርሺብኝም!»

«ቆይ» አለች ሚጣ። «ዛሬ አይሮጥበትም። አባዬ እግርሽ እስኪለምደው ሳምንት ይፈጃል ብሏል። አለዚያ ይብስብሻል።»

«ሳምንት? ማጣሪያው እኮ አሁን ነው!» የቀጮ ዓይን እንባ አቀረረ።

ሚጣ ነገሩ ገባት። የተናገረችው እውነት ነው፤ የቀጮንም ጉልበት አድናለች። ቀጮ ያለ ሶሌታ ብትሮጥ ደግሞ በዚያ ጉልበት አትቀድማትም። ማንም ምንም ሳያውቅ አሸነፈች ማለት ነው።

የስፖርት መምህሩ ፊሽካውን እንደያዘ ቀረበ። ቀጮን ወደ ጫማ ሠሪው የላካት እሱ ነበር። «ቅዳሜ ይደርሳል ብሎሽ አልነበር? ምን ዓይነት ባለሙያ ነው! ቃሉን የማይጠብቅ ሰው ጋ ሁለተኛ ማንንም አልልክም።»

«ተዉ ቲቸር፣ ሥራ በዝቶባቸው ነው» አለች ቀጮ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ሚጣ ነግራኛለች።»

የምትከራከርለት ቀጮ ሆነች፤ ልጁ ቆማ ትሰማለች። አባቷ ይሄኔ ጫማ መሥሪያ ሱቁ ተቀምጦ፣ ያቺ ልጅ ዛሬ ጉልበቷን ሳያማት ትሮጣለች ብሎ ያስባል። ሚጣ አፈረች፤ ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

«ቅዳሜ ጨርሷል» አለች።

«ምን?»

«አባዬ ባለው ቀን ጨርሷል። ዛሬ አሥር ቀኑ ነው። እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር።»

ቀጮ ጫማዋን እንደያዘች አየቻት። «ለምን?»

ረሳሁት ማለት ይቻል ነበር። «ቀንቼብሽ ነው። በሩጫሽም፣ በአባዬም።»

መምህሩ ቀጮ ሶሌታውን እስክትለምደው ማጣሪያው ለሚቀጥለው ሳምንት መተላለፉን ተናገረ፤ ሌሎቹ ሯጮች አጉረመረሙ። ቀጮ ሶሌታዎቹን አውጥታ በወረቀታቸው መልሳ ጠቀለለች፤ ሚጣን ሳታያት እያነከሰች ወደ መማሪያ ክፍሎቹ ሄደች። ሚጣ ልትከተላት አስባ፣ ምን እንደምትላት ስላላወቀች ቀረች።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደች። አባቷ መስፊያ ማሽኑ ላይ አጎንብሶ ነበር።

«እህስ! ማን ቀደመ?» አለ ቀና ብሎ። «የዚያች ልጅስ ጉልበት እንዴት ሆነ?»

ሚጣ ደንበኞች የሚቀመጡበትን በርጩማ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አባዬ» አለችው፣ «ማሽኑን አቁመውና ስማኝ።»